በየ5 ሰከንዱ ሪፍሬሽ

ትዕዛዝ የምንቀበልበት ሲስተም የሌላ ድርጅት ነው። ገብተን አዲስ ነገር መጣ አልመጣ እናያለን። ችግሩ ገጹ ራሱን አያድስም፣ ስለዚህ የሽያጭ ክፍል ልጆች ቀኑን ሙሉ ኤፍ5 ሲቀጠቅጡ ይውሉ ነበር። አንዱ ታከተውና ገጹን በራሱ ጊዜ ሪፍሬሽ የሚያደርግ ኤክስቴንሽን ብሮውዘሩ ላይ ጫነ። በየ5 ሰከንዱ አለው። ለጎረቤቱ አሳየ፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ። እንዲህ ያለ ነገር ቢሮ ውስጥ ከሐሜት ይፈጥናል።

ረፋድ ላይ የአንዷ ገጽ ነጭ ሆኖ 429 የሚል ቁጥር አወጣ። ከዚያ የሌላው። ቀጥሎ ኤክስቴንሽኑን ጭራሽ ያልነካችው የሒሳብ ሠራተኛችንም ተዘጋባት። ኮምፒውተር ነክ ጣጣ ሁሉ መጨረሻው እኔ ጋ ስለሆነ ተደወለልኝ፤ "ኢንተርኔት ጠፋ" አሉኝ። ኢንተርኔቱማ አለ፣ ሌላው ገጽ ሁሉ ይከፈታል።

429 ሰርቨሩ፣ ማለትም ሲስተሙ ያለበት ኮምፒውተር፣ "ጥያቄ አበዛችሁብኝ" ሲል የሚመልሰው ኮድ ነው። ቢፈርድባቸውም አይገርምም፦ በየ5 ሰከንዱ ማለት ለአንድ ታብ በሰዓት 720 ጊዜ ነው፣ 8 ሰው ሲያደርገው 5,760። ያውም ገጹ በታደሰ ቁጥር ከጀርባው ሌሎች ፋይሎችንም ስለሚጠራ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። ቢሮው በሙሉ ወደ ውጭ የሚወጣው ደግሞ በአንድ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ በምንታወቅበት አንድ ቁጥር ነው። ለሰርቨሩ ሁላችንም አንድ ሰው ነን፣ ሒሳብ ሠራተኛዋም በሌላ ሰው ጦስ የተቀጣችው ለዚያ ነው።

"ትንሽ እንጠብቅ፣ ይለቃል" ተባባልን። አልለቀቀም። ከገጹ ጀርባ የሚመጣውንና የሚሄደውን የሚያሳየውን የብሮውዘሩን ዴቨሎፐር ቱልስ ከፍቼ ምላሹን ሳየው "ሪትራይ አፍተር 600" ይላል፤ ለ10 ደቂቃ አትምጡ ማለት ነው። ኤክስቴንሽኑ ግን ደህና ገጽና የስህተት ገጽ አይለይም፣ ነጩንም ገጽ በየ5 ሰከንዱ ያድሰዋል፣ ሲስተሙም ባንኳኳን ቁጥር 10 ደቂቃውን ከዜሮ ይጀምርብናል። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ አጠፋሁ። አሁንም 600። በኋላ ነው አንዱ ፈቃድ የወጣ ልጅ ኮምፒውተሩን ስክሪኑን ብቻ ቆልፎ እንደሄደ የታወቀው። ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ታቡ ግን ከውስጥ ሥራውን ቀጥሏል። እሱን ባጠፋን በ10 ደቂቃው ተከፈተ።

እኔን ከ429ኙ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኼኛው ኮምፒውተር ነው። ሲስተሙ ዝም ያለን ተጠቃሚ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሎግአውት ማድረግ አለበት፤ ሪፍሬሹ ግን ሰው እየሠራ ያለ ስለሚያስመስለው የልጁ አካውንት ባለቤቱ በሌለበት ክፍት ሆኖ ከርሟል። ፎርም እየሞሉ ገጹ ታድሶ የጻፉት ስለጠፋባቸው ሰዎች አላወራም፣ እነሱ ራሳቸው በቂ አውርተዋል።

አሁን ኤክስቴንሽኑ ያለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ በየ2 ደቂቃው፣ የስህተት ገጽ ሲያይ እንዲቆም ተደርጎ። የሲስተሙን ባለቤቶች ስናነጋግራቸው "ለአዲስ ትዕዛዝ በኢሜይል ማሳወቂያ አለ እኮ፣ ሴቲንግ ውስጥ" አሉን። ከፈትነው። ኢሜይሉ አንዳንዴ ስለሚዘገይ ግን ያቺን አንዷን ታብ አላስነቀልኩም።