የአየር መርከብ በእኛ ከፍታ ምን ያህል ይሸከማል?

መንገድ ያልገባባቸውን ደጋማ ወረዳዎች በአየር መርከብ ማገልገል ይቻላል የሚለው ሐሳብ ፒያሳ ከወዳጆቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ደጋግሞ ይነሣል። እኔም ከልቤ የምደግፈው ሐሳብ ነው፤ ይሁን እንጂ ስሌቱ ከከፍታችን መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

የአየር መርከብ የሚንሳፈፈው በውስጡ የያዘው ጋዝ፣ ያንኑ ያህል ቦታ ከሚይዘው አየር ስለሚቀል ነው። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ አንድ ሜትር ኩብ ሂሊየም 1 ኪሎ ግራም ያህል ያነሣል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው መስቀል አደባባይ ግን የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ስለሚያንስ የማንሣት አቅሙም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለልደት የሚገዙት የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ፊኛዎች ይህን በቅርብ ያሳያሉ፤ ቆዳቸው እንደ ጎማ ስለማይለጠጥ መጠናቸው የተወሰነ ነው፣ በመሆኑም ጅቡቲ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ፊኛ እዚህ የታሰረበትን ሪባን ይዞ ለመነሣት ሊቸገር ይችላል። 200,000 ሜትር ኩብ ሃይድሮጅን ይይዝ የነበረው የጀርመኑ የአየር መርከብ ሂንደንበርግ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ከማንሣት አቅሙ 50 ቶን ገደማ ባጣ ነበር። የሂንደንበርግ ስም ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1937 የደረሰበትን ቃጠሎ ነው፤ ሂሊየም ስለማይቃጠል ግን ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስበን ከፍታው ነው።

ለአካባቢያችን የሚቀርበው ታሪክ የኤል 59 ነው። ይህ የጀርመን መርከብ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1917 በምሥራቅ አፍሪካ ለሚዋጋው ጦር ስንቅና ትጥቅ ጭኖ ከቡልጋሪያ ተነሣ፤ ካርቱም አካባቢ ሲደርስ ተመለስ የሚል የሬዲዮ ትእዛዝ ደረሰውና 95 ሰዓት ያህል ሳያርፍ ከ6,700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ መነሻው ገባ። በጉዞው ላይ ቀን የበረሃው ሙቀት ጋዙን እያስፋፋ አስወጣበት፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱ የቀረውን ሲያኮማትረው መርከቡ ወደ መሬት ስላዘቀዘቀ ሠራተኞቹ ክብደት ለመቀነስ ተገደዱ። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ የሆነበት የታኅሣሥ ደጋችንም ተመሳሳይ ፈተና ያቀርባል።

ይህ ሁሉ ሐሳቡን ከንቱ አያደርገውም። የመርከቡ ይዘት በሲሶ ያህል ቢጨምር በከፍታው የጠፋው አቅም ይመለሳል። ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ማራገፉ ነው፤ 10 ቶን እህል የሚያወርድ መርከብ በምትኩ 10 ቶን ውሃ ካልጫነ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ስለሆነም ማረፊያው ሲመረጥ ከሜዳው ስፋት እኩል መታየት ያለበት በበጋ የማይደርቅ ወንዝ ወይም ምንጭ በአቅራቢያው መኖሩ ነው።