ሦስቱ ካርቡሬተሮች

ሚሺጋን በምሠራበት ጋራዥ የቀኑ ሥራዬ ኮምፒውተር ሰክቶ ኮድ ማንበብና ዕቃ መቀየር ነው። አዲስ አበባ ላዳ ሥር ተኝቼ የተማርኩት፣ በጆሮና በእጅ የሚሠራው ሙያ አይፈለግም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ ፖንቲያክ ጂቲኦ የሚባል የድሮ አሜሪካዊ መኪና እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። ኮፈኑን ሲከፍቱት ካንዴላዎቹ እጅ የሚደርስባቸው ቦታ ላይ ናቸው፤ የተሸፈነ ነገር የለም። ከላይ ሦስት ካርቡሬተር፣ ማለትም ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ፣ ተደርድሯል። ቀስ ብለው ሲነዱት የመካከለኛው ብቻ ይሠራል፤ ነዳጅ ጠበቅ አድርገው ሲረግጡ የፊተኛውና የኋለኛው ይከፈታሉ። ያኔ 6.4 ሊትሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር (ቪ8) ሞተር ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል። ፋብሪካው 360 የፈረስ ጉልበት ይለዋል፤ በዘመኑ ሞተሩን ለብቻው አውጥተው ይለኩ ስለነበር በዛሬው አለካክ ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ችግሩ ቆሞ ሲሠራ መንቀጥቀጡ ነበር። ኮምፒውተር የሚሰካበት የለውም። የጎማ ቱቦ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ካርቡሬተሮቹን በየተራ አዳመጥኩ። ጭራሽ ተዘግቶ መቆየት የነበረበት የኋለኛው አየር ይስባል! ፈትቼ አጠብኩት፣ መዝጊያውን አስተካክዬ ገጠምኩት፤ ሞተሩ ረጋ። በስደት ዘመኔ እንደዚያ ቀን በሙያዬ ኮርቼ አላውቅም።

መኪናው የተወለደበት መንገድም ያስደንቃል። የፖንቲያክ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መጠን መኪኖቹ ላይ ከ5.4 ሊትር የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ግን ትልቁን ሞተር ለ1964ቱ ቴምፐስት ሌማንስ፣ ለፖንቲያክ መካከለኛ መኪና፣ ገዢው ከፈለገ ጨምሮ የሚያዘው ጂቲኦ የተባለ አማራጭ አድርገው አቀረቡት፤ አማራጭ ደግሞ የበላይ ፈቃድ አይጠይቅም። 5,000 ይሸጣል ያሉት በመጀመሪያው ዓመት ከ32,000 በላይ ተሸጠ።

የመኪናው ባለቤት ቁልፉን ሰጥተውኝ ዲትሮይት ውስጥ በሚያልፈው ዉድዋርድ ጎዳና ላይ ነዳሁት። ከመብራት ስነሳ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ፣ የማርሚታው ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገባ። ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ዲስክ ሳይሆን የድሮው ዓይነት ታምቡር ስለሆነ ለማቆም ቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል። መሪውም ከባድ ነው። ቢሆንም እግሬ የጠየቀውን ሞተሩ ወዲያው ይመልሳል፤ ከአዳዲሶቹ መኪኖች ይህን አላገኘሁም።

በየዓመቱ ኦገስት ሦስተኛው ቅዳሜ እነዚህ መኪኖች ዉድዋርድ ላይ ይሰለፋሉ፤ ከ1995 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። ዲትሮይት አካባቢ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። እኔ ከሽማግሌው ጋር ኮፈኑን ከፍተን እንቆማለን፤ ሦስቱን ካርቡሬተሮች አሳያችኋለሁ።