መልካም ገና ከሀዋሳ፣ በተለይ መንገድ ላይ ላላችሁት

እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! የ2018 ገና ረቡዕ ላይ በመዋሉ ከጠዋት ጀምሮ "ረቡዕ ነው እኮ፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ ይፆማል እንዴ?" እያላችሁ ኢንቦክሴን ያጨናነቃችሁ ሰዎች፣ ኧረ አይፆምም፣ ልደት ነው፣ ብሉ። አርብ ግን እንደተለመደው ፆም ነውና ሐሙስ ማታ ድረስ ድስቱን አራግፉት፣ ፍሪጅ ያለው ደግሞ ቅዳሜ ከዶሮው ጋር ይገናኛል።

ሁለተኛው የኢንቦክስ ጥያቄ "ለበዓል ሀዋሳ መጥተናል፣ ልጆቹን የት እናውጣቸው?" የሚል ነው። እሱን ደግሞ በየአንዳንዱ ከመመለስ እዚሁ ልፃፈው ብዬ ነው።

በመጀመሪያ እዚህ ከተማ ገና የሚጀምረው ታህሳስ 29 አይደለም፣ ታህሳስ 19 ነው፣ በገብርኤል። ዘንድሮ እሁድ ላይ ስለዋለ የነበረውን ሰው ያየ ያውቀዋል፣ መንገዱ ነጭ በነጭ፣ ሆቴሉ ሁሉ ሙሉ፣ እኛ ቤት ራሱ ሳሎን ላይ ፍራሽ ተነጥፎ የአክስት ልጅ የአክስት ልጅ ጓደኛ ሳይቀር አድሮ ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ ልጆች "መቼ ነው የምንወጣው" ማለት ይጀምራሉ፣ እስከ ጥምቀት ድረስ አያባሩም።

እሺ፣ የት? አሞራ ገደል፣ ሀይቅ ዳር ያለው የአሳ ገበያ። ግን በጠዋት ሂዱ፣ ፀሐዩ ሳይበረታና አሳው ከጀልባ እየወረደ እያለ። ከሰአት የሚሄድ ሰው የሚያየው የተጠበሰውን ብቻ ነው፣ ጠዋት ግን መረቡ ሲፈታ፣ ቆሮሶው ሲገፈፍ፣ አምባዛው ሲጎተት፣ እነ አባ ኮዳ (ትልልቆቹ ወፎች) ደግሞ ዳር ቆመው አንጀት እስኪወረወርላቸው ሲጠብቁ ታያላችሁ። ልጅ ከዚህ በላይ ምን ሲኒማ ይፈልጋል? ሙዝ ይዛችሁ ግን አትግቡ፣ ጦጣዎቹ ገና ከበር ነው የሚያውቋችሁ። ጉሬዛዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ላይ ሆነው ያዩናል እንጂ አይነኩንም። ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ ታቦር ተራራ አውጡት፣ ሀይቁንም ከተማውንም ከላይ አይቶ፣ ደክሞት ወርዶ፣ ማታ ያለ ጭቅጭቅ ይተኛል። ሩጫ የሚወድ ትንሽ ልጅ ያላችሁ ጉዱማሌ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ሜዳ ነው፣ ቦታ አያንስም። ወደ ማምሻው ፍቅር ሀይቅ፣ የሀይቁ ዳር መዝናኛ፣ እሱን ማንም ይነግራችኋል።

ጀልባ ላይ ግን እባካችሁ። ጉማሬ እናሳያችሁ ብሎ የሚጠራችሁ ልጅ ጎበዝ ነው፣ እንጀራው ነው፣ ነገር ግን ለበዓል ሰው በዛ ተብሎ ጀልባ ላይ ቦታ አይበዛም። ላይፍ ጃኬት ለፎቶ አይደለም የሚለበሰው፣ ለህፃን የሚሆን መጠን ከሌለ ህፃኑን ይዛችሁ ዳር ቁጭ በሉ፣ ጉማሬውን ሌላ ቀን ያየዋል። የውሃ ፕላስቲካችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ። የሀዋሳ ሀይቅ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ የዛሬ ሰባት አመት ገና የጣላችሁት ሀይላንድ እዛው ነው ያለው፣ ምናልባት እየጠበቃችሁ።

አንድ የሀይቅ ዳር ቤት ደግሞ ለበዓል ተብሎ መግቢያ በእጥፍ ጨምሮ የአራት አመት ልጅ እንደ ሙሉ ሰው ያስከፍላል። ስሙን አልጠራም፣ የከፈላችሁ ታውቁታላችሁ። መልካም በዓል ለናንተም፣ ልቦና ይስጣችሁ።

ይሄን ሁሉ ግን እኔ ከራሴ አምጥቼው አይደለም። የት መቼ እንደሚኬድ፣ የትኛዋ ሴትዮ ጋ አሳው ትኩስ እንደሆነ፣ ልጅ ይዞ ውሃ ዳር እንዴት እንደሚቆም ያስተማሩን ጋሼ ናቸው፣ ዘንድሮ የሌሉት።

የሰፈራችን ሰው ጋሼ ስል ያውቃቸዋል። የማታውቋቸውም ምናልባት ሳታውቁት ተሳፍራችሁባቸዋል፣ ምክንያቱም እድሜያቸውን በሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሲነዱ ነው የኖሩት፣ ሞያሌ፣ ዲላ፣ ሀዋሳ፣ አዲስ አበባ። በዓል ሲመጣ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሾፌር ያኔ ነው ከቤቱ የሚወጣው። የገና ዋዜማ መናኸሪያው ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ቅቤ በፌስታል የያዘ፣ ለእናቱ ነጠላ የገዛ ሰው ይሞላል፣ እሱን ሁሉ በየቤቱ አድርሰው፣ የመጨረሻዋን ሴትዮ ከነሻንጣዋ አውርደው፣ እሳቸው የበዓሉን ምሳ ከረዳታቸው ጋር የሆነ ከተማ የሆነ ምግብ ቤት ውስጥ ይበላሉ። እትዬ (ባለቤታቸው) እንደነገሩኝ የመጀመሪያ ልጃቸው አባቱን በገና ቀን ቤት ውስጥ ያየው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው፣ እሱም አውቶብሱ ተበላሽቶ ጋራዥ ስለገባ።

ጡረታ ሲወጡ ታዲያ ልጆቻቸው አድገው አንዱ አዳማ፣ አንዷ አረብ አገር፣ ቤቱ ባዶ። ያመለጣቸውን በዓል በኛ ልጆች ነው የካሱት። ገና ጠዋት ሶስት ሰአት ሲል በዱላቸው በየበሩ ያንኳኳሉ። "እናቶቻችሁ ሌሊቱን ቆመው አድረዋል፣ ይተኙበት፣ ውጡ!" ብለው የሰፈሩን ልጅ ይሰበስቡታል። እኛም ደስታችን፣ ከቅዳሴ መልስ ትንሽ ጋደም ማለት፣ ወጡን በሰላም ማማሰል፣ ማን ይጠላል።

አሰላለፋቸውን ብታዩ። ከትልቅ ወደ ትንሽ ያሰልፏቸውና ከኮታቸው ኪስ ስክሪብቶ አውጥተው በእያንዳንዱ ልጅ ክንድ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ የእናቱን ስልክ ቁጥር ይፅፋሉ። አንድ ጊዜ ስቄ "ጋሼ፣ ስማቸውን ያውቁ የለ እንዴ" ስላቸው "አየሽ፣ መናኸሪያ የጠፋ ልጅ ስንት አይቻለሁ፣ አባትህ ማን ይባላል ስትዪው አባባ ይልሻል። ቁጥር ይሻላል" አሉኝ። በዓሉ አልፎ ልጄን ሳጥባት ቁጥሬን ክንዷ ላይ ደብዝዞ አገኘው ነበር፣ ማስለቀቁም ቀላል አይደለም፣ እሳቸው የሚይዙት ያንን ጥቁር የማይለቀውን ነው።

ከዛ ባጃጅ። እንዴት እንደሚጫኑ አልናገርም፣ ትራፊክ ፖሊስ ያነበዋል። ልጆቹ መውረድ ሲፈልጉ "ወራጅ አለ!" እንዲሉ አስተምረዋቸዋል፣ ሽንት ሲመጣባቸውም "ወራጅ አለ!" ነው፣ የኔዋ እስካሁን ክፍል ውስጥ አስተማሪዋን እንደዛ እያለች ታስቃለች። አሞራ ገደል ሲደርሱ ሎሚና ሚጥሚጣ ከቤት በወረቀት ጠቅልለው ነው የሚሄዱት፣ "የነዚህ ሚጥሚጣ ቀለም ብቻ ነው" ይላሉ፣ ሴቶቹ ፊት ነው የሚሉት ደግሞ፣ ሴቶቹም ይሰድቧቸዋል፣ ግን የአሳውን ሾርባ ለልጆቹ በነፃ የሚቀዱት እነሱው ናቸው። ልጆቹ ጠግበው ሲመለሱ ያን ሁሉ የለፋንበትን ዶሮ አንድም ልጅ ዞር ብሎ አያየውም። በየአመቱ እንቆጣለን፣ በየአመቱ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለው ይመልሱልናል።

ግንቦት ላይ ወገቤን አሉ። ሾፌር ነኝ፣ የሾፌር ወገብ ነው ብለው ዝም አሉ። ወገብ አልነበረም። ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ እንደዛ በሚወርድበት ሰሞን፣ አረፉ።

ስለዚህ ዘንድሮ እንኳን አደረሳችሁ የምለው በጅምላ አይደለም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰአት በዛ ጎርፍ ባጃጁን አስነስቶ ጋሼን ሆስፒታል ያደረሰው የሰፈራችን ልጅ፣ ሂሳብ ስንሰጥህ "እኔ ኮ ክንዴ ላይ የተፃፈልኝ ልጅ ነኝ" ብለህ የመለስከው፣ እንኳን አደረሰህ፣ በዚህ አመት ባጃጁ ያንተ ይሁን፣ ለሰው ገቢ ከማስገባት ይገላግልህ። ስሟን እንኳን ያልያዝኩት የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ እትዬ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ስታያቸው ከራሷ ክፍል ወንበር አምጥታ የሰጠቻቸው፣ ዛሬም ተረኛ ሆነሽ ይሆናል፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። በዛው ግቢ ጓንት ከውጪ ግዙ፣ መርፌ ከውጪ ግዙ እያለ ያመላለሰን ሰው ደግሞ፣ ላንተም መልካም በዓል፣ ወላጆችህን አያሳምምብህ ከማለት ሌላ የምለው የለኝም።

የእድራችን ሴቶች፣ በዛ ዝናብ ድንኳን ውስጥ እንጨቱ አልነድ ብሎ እያለቀሳችሁ (ከጭሱ ይሁን ከሀዘኑ እኔም አለየሁትም) ሶስቱን ቀን ሙሉ ያበሰላችሁ። ፊት ለፊታችን ያለሽው ጴንጤዋ ጎረቤቴ፣ ለቅሶው እስኪያልቅ የኛን ሁሉ ልጆች ቤትሽ አስገብተሽ መዝሙር እያስጠናሽ ያቆየሽልን፣ አሁን ልጄ ያንቺን መዝሙር እያዜመች ነው የምትነሳው፣ ቄሱ ከሰሙ አንቺ ትጠየቂያለሽ። ቀብሩ ላይ ከየመስመሩ የመጣችሁ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ አንዳንዶቻችሁ መኪናውን ከነተሳፋሪው ዳር አቁማችሁ አፈር አልብሳችሁ የተመለሳችሁ፣ ተሳፋሪዎቹም "ሂድ፣ እንጠብቅሃለን" ያላችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፣ ግን እንኳን አደረሳችሁ።

አንቺ አረብ አገር ያለሽው ልጃቸው ደግሞ። አሰሪዎችሽ አልለቅም ብለውሽ የአባትሽን ቀብር በስልክ ያየሽ። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ብዙውን ሰማይና ዣንጥላ ነው ያሳየሁሽ። እናትሽ ደህና ናቸው። ዘንድሮ ቤቴ በዓል የለም ብለው ዶሮም አልገዙም፣ ቄጤማም አልጎዘጎዙም፣ እኛ ግን አልሰማናቸውም፣ ነገ ምሳ ሁላችንም ድስታችንን ይዘን እሳቸው ቤት ነን። ዳቦውን የሚቆርሱት እሳቸው ናቸው፣ በየአመቱ ጋሼ ነበሩ የሚባርኩት። በቪዲዮ እንደውልልሻለን፣ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ።

አሁን መሪ ላይ ያላችሁ ሾፌሮች፣ ይሄን የምታነቡት ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ነው፣ እየነዳችሁ እንዳታነቡት። በሰላም ግቡ። ተሳፋሪዎችም እባካችሁ፣ "ንዳው እንጂ፣ ዶሮው ሳይደርስ" አትበሉት፣ ዶሮው የትም አይሄድም። የበዓል ሰሞን ታሪፍ ላይ የሚጨምሩትን ግን ጋሼም ይረግሟቸው ነበር፣ ስለዚህ እነሱን አልመርቅም።

ልጆቹ ከለቅሶው ጀምሮ አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፣ ገና ማን ይወስደናል። አዳማ ያለው ልጃቸው ትናንት ገብቷል፣ የአባቱን ዱላ አውጥቶ በር በር ላንኳኳ ወይ ሲለኝ ምን እንደምለው ጠፋኝ፣ አንኳኳ አልኩት። እኔም አብሬው እሄዳለሁ፣ ወጡን ባለቤቴ ያማስላል (ፀልዩልኝ)። ስለዚህ የሰፈራችን እናቶች፣ ሶስት ሰአት ላይ ልጆቹን አዘጋጁ። አዲሱን የሀበሻ ልብስ አታልብሷቸው፣ አሳ ነው የሚበሉት፣ ለምሳ ስንመለስ ታለብሷቸዋላችሁ። አሳ የማይስማማው ልጅ ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ። የሰፈራችን ያልሆናችሁም አሞራ ገደል ካያችሁን ልጃችሁን ቀላቅሉት፣ ቦታ አለን። ስልክ ቁጥር የቀየራችሁ ደግሞ አዲሱን ዛሬ ማታ ላኩልኝ፣ ጠዋት ላይ ክንድ ይዤ መደወል አልችልም።