ባሕር ዳር–ድሬዳዋ፦ «አንድ ሰዓት ነው» ብዬ ለቀብር ያልደረስኩበት በረራ

አክስቴ ድሬዳዋ ያረፉት ማታ ነው። እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ መቅረት የማይታሰብ ነገር ነው። ቀብሩ በማግስቱ 8 ሰዓት ነው ተባልኩ። ስልኬን አውጥቼ ርቀቱን ፈለግኩ። 540 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አካባቢ ይላል። ለአክስቴ ልጅ ደወልኩና «አይዞሽ፣ ረፋዱ ላይ እደርሳለሁ» አልኳት።

ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ግን ምንም አይጠቅምም። ካርታ ላይ ከኤርፖርት ኤርፖርት የተሰመረ ቀጥታ መስመር ነው። እኔ የምሄደው ግን በአዲስ አበባ በኩል ነው፤ መጀመሪያ ወደ ደቡብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 340 ገደማ። እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ ይበራል። 130 ኪሎ ሜትር ቢጨምር አየር ላይ ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ጊዜውን የሚበላው ቦሌ መሬት ላይ ያለው ነው።

ማታውኑ በስልክ ያገኘሁት ትኬት ቆራጭ ለየብቻ ሁለት ትኬት ሸጠልኝ። ርካሹ እሱ ነው አለኝ። በመሀል ያለው አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ነው። «ይበቃኛል?» ስለው «በደንብ!» አለ። እስካሁን ያቺ «በደንብ» ታናድደኛለች። የበለጠ የምናደደው ግን በራሴ ነው፤ አንድም ነገር ሳልጠይቅ ከፈልኩ።

ጠዋት የመጀመሪያው በረራ በአየር ጠባይ ምክንያት 45 ደቂቃ ዘገየ። ቦሌ ስናርፍ ለሁለተኛው የቀረኝ 25 ደቂቃ ነው። ትኬቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ ሻንጣዬን ራሴ ተቀብዬ፣ ወጥቼ፣ እንደ አዲስ ማስመዝገብ ነበረብኝ። ሻንጣው ውስጥ ለድንኳኑ ብዬ የያዝኩት በርበሬና ሽሮ ነው። እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሬበት ነበር። የሰው ሁሉ ሻንጣ እየዞረ ያልፋል፣ ቀዩ ክር የለም። ቆሜ አለቀስኩ። ሻንጣውን ይዤ ስሮጥ ካውንተሩ ተዘግቷል። «ቀብር አለብኝ» አልኩ። ልጁ ኮምፒውተሩን አየና «ይሄ ትኬት የቀድሞውን አያውቀውም፣ እንዳልመጣሽ ነው የሚቆጠረው» አለኝ። ሌላ ትኬት በአዲስ ዋጋ ገዛሁ፣ ለ10 ሰዓት።

ድሬዳዋ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ድንኳኑ ጋ የአክስቴ ልጅ አቅፋኝ «እስከ 9 ሰዓት ካህናቱን አስጠበቅናቸው፣ አንድ ሰዓት ነው ብለሽኝ ነበር እኮ» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችኝም።

ስለዚህ ከክልል ከተማ ወደ ክልል ከተማ የምትበሩ ሰዎች፣ ርቀቱን እርሱት። አንድ ትኬት ላይ ያለ ጉዞ ይሁን፣ ቢወደድም። የመጀመሪያው ቢዘገይ ወደ ሌላ በረራ የሚያዛውሯችሁ እንደዚያ ሲሆን ነው። ስትመዘገቡ «ሻንጣዬ እስከ መጨረሻው ታግ ይደረጋል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀትም አንብቡ። ለየብቻ መግዛት ግድ ከሆነ፣ ማንም «ይበቃል» ቢላችሁ በሁለቱ በረራዎች መሀል ከሦስት ሰዓት በታች አትያዙ። ለለቅሶ ከሆነ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ቦርሳ ብቻ ያዙ። በርበሬው በኋላ ይላካል።

ስመለስ እንዲሁ አደረግኩ። ብሩ ጨመረ፣ ቦሌም ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ቀይ ክር ያለበትን ሻንጣ ያገኘሁት ባሕር ዳር ነው።