«አልሰማሁም» ያልኩበት ቀን

ሦስት ሳምንት ሆነው። እስካሁን ሌሊት ትዝ ሲለኝ ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ እስባለሁ።

ነገሩ የጀመረው በግራ ጆሮዬ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ይወጋኝ ጀመር፤ ከዚያ ጭራሽ ደነቆረ። ባለቤቴ «ጤና መድን ብንገባ ኖሮ…» ብላ ዝም አለች። ያቺ «ኖሮ» ከጆሮዬ በላይ አመመችኝ።

እናቴ የምትኖረው ሐይቅ ከተማ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ነው። ተሁለደሬ በ2003 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረችና እማ ከጥንቶቹ ነች፤ የመድን ደብተሯን ከሰርግ አልበሟ አስበልጣ ነው የምታስቀምጠው። ጥር በገባ ቁጥር ትደውላለች።

«አሳደስክ?»

«አዎ እማ።»

አላሳደስኩም። ኧረ ተመዝግቤም አላውቅ! ደሴ ላይ የሞባይል ጥገና ሱቅ ያለኝ፣ ጉንፋንን በዝንጅብል የማባርር የ38 ዓመት ጎረምሳ ነኝ።

ጆሮዬ ሲብስ ግን ለመመዝገብ ቆረጥኩ። ልጄን ይዤ ወደ ቀበሌ ከመሄዴ በፊት ግን ፎቶ። እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሚስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ጥቁር ኮት አለ። የሰፈራችን ወንድ በሙሉ መታወቂያው ላይ ያቺን ኮት ነው የለበሰው። ኮሌታዋ የሁላችንንም ላብ ታውቃለች። ፎቶ አንሺው እሷን አልብሶኝ ሲያበቃ ፊቴን በኮምፒውተር አነጣው። ጋዜጣ ላይ የሙት ዓመት መታሰቢያ የሚወጣለት ሰው መሰልኩ። ስምንት ፍሬ አሳጠብኩ። ምዝገባ መኖሩን መጠየቅ ከፎቶው በፊት እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ቢሮው ጢም ብሏል። መዝጋቢዋ ፎቶዎቹን አየት አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ምዝገባ እኮ የካቲት 30 ተዘግቷል» አለችኝ።

«ምን?»

«ተ-ዘ-ግ-ቷ-ል!»

ወረፋው በሙሉ ዞረ።

«ጆሮዬን አሞኝ ነው። ዛሬ ገብቼ ነገ ብታከም ብዬ…»

«ታመህ ነው የመጣኸው? እድር ሰው ከሞተ በኋላ ይመዘግባል እንዴ?»

ከኋላዬ የቆሙ አንድ አባት በሳቅ ትን አላቸው። መልስ አጣሁ። መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ይዋሻል። «መች ተነገረና! እኔ አልሰማሁም!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

አሁን ስለ ሞንታርቦው ልንገራችሁ። ሁለት ወር ሙሉ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በባጃጅ የተጫነ ሞንታርቦ መስኮቴ ስር ይቆም ነበር። መንገዱ እኛ ደጅ ስለሚያልቅ ባጃጁ የሚዞረው እዚያ ነው። ሲጀምር የድስት ክዳን ይንቀጠቀጣል። ዶሯችን እንቁላል መጣል አቆመች። የጎረቤት ውሻ ገና «ውድ ነዋሪዎች» ሲባል ለመስማት ቁጭ ይላል። ሰውዬው ብርድ ስለመታው ሁሌ መጨረሻ ላይ ያስነጥሰዋል፤ ያውም በማይኩ። ሰፈሩ ከየአልጋው «ይማርህ!» ይላል። እኔ ስልክ ስጠግን ስለማመሽ ጆሮዬን በጥጥ ጠቅጥቄ እተኛለሁ።

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። «አልሰማሁም» ስል ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጭብጧን እንደ ማይክ አፏ ላይ አድርጋ ለቀቀችው።

«ውድ የከተማችን ነዋሪዎች! የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባና እድሳት እስከ የካቲት 30 ብቻ! ክፍያው በሰው ሳይሆን በቤተሰብ ነው! ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችዎ በእርስዎ ደብተር ይታከማሉ! መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ሆስፒታል! ሳይታመሙ ይመዝገቡ!»

ከዚያ አስነጠሰች። ማስነጠሱንም ሸምድዳዋለች።

ቢሮው በአንድ ድምፅ «ይማርሽ!» አለ። መዝጋቢዋ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች ስምንቱን ፎቶ መለሰችልኝ። «ጥር ላይ ና። አባትህን አስታውሺው እሺ ማሬ?» ሁለተኛው ለኔ እንዳልሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፤ በአንድ ጆሮ ነዋ የምሰማው።

ጤና ጣቢያ ከኪሴ ከፍዬ ገባሁ። ነርሷ ጆሮዬን በመብራት አየች፣ አንገቷን ነቀነቀች፣ በቀጭን መቆንጠጫ የሆነ ነገር ስባ አወጣች። ጥጥ። የጥር ጥጥ። ጠቁሯል።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

ልጄ ጭብጧን ወደ አፏ ስታነሳ በዓይኔ ጥግ አየኋት። ተወርውሬ አፏን ያዝኩት።