ሜሞሪውን ለስልኬ ዳርኩት፦ የሦስት ወር ማስታወሻ

ስልኬ 16 ጂቢ ነው። ካርቶኑ ላይ ማለቴ ነው። ሲስተሙና አብረውት የመጡት አፖች ድርሻቸውን ካነሱ በኋላ ለእኔ የተረፈኝ 9 ጂቢ ገደማ ነበር። ከዚያ ላይ ሦስቱን ቴሌግራም ይዞ ቁጭ ብሏል። የቀረውን የበላው ክራሬ ነው።

ክራር መማር ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማታ ማታ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እቀመጥና ልምምዴን በስልኬ እቀርጻለሁ። ጠዋት ወደ ሳሪስ ስሄድ ታክሲ ውስጥ እመለከተዋለሁ። ጣቴ የት እንደሚስት የሚታየኝ ያኔ ነው። የትምህርት ቪዲዮዎቹንም ሥራ ቦታ ዋይፋይ ሲገኝ አውርጄ ነው የምይዘው፤ በራሴ ዳታ ቪዲዮ ማየት አቅሜ አይደለም። ታዲያ በእኔ ካሜራ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ100 ሜጋ በላይ ይወስዳል። ግማሽ ሰዓት ከቀረጽኩ 3 ጂቢ ሄደ ማለት ነው። አንድ ማታ ባቲን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሳሳት ልጨርስ ትንሽ ሲቀረኝ ካሜራው "ቦታ የለም" ብሎ ተዘጋ። ሜሞሪ ለመግዛት የወሰንኩት ያን ማታ ነው።

የመጀመሪያው ወር

መርካቶ ሄድኩ። 64 ጂቢ የሚል ሜሞሪ ከሌላው በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። "ኦርጅናል ነው?" አልኩት ሻጩን። "ወንድሜ፣ ካልሠራልህ መልሰው" አለኝ። እኔም አመስግኜ ከፈልኩ። ደረሰኝ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ተጠቀምኩበት። ከዚያ አዳዲሶቹ ቪዲዮዎች አልከፈት አሉ። ስማቸው አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ስትነኳቸው ግን ጥቁር ነው። የጎረቤቴን ልጅ ላፕቶፕ ለመንኩና ኤችቱቴስትደብሊው በሚባል ነጻ ፕሮግራም ፈተሽኩት። ፕሮግራሙ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። ሜሞሪውን አፉ ድረስ በራሱ ፋይሎች ይሞላዋል። ከዚያ የጻፈውን መልሶ ያነባል። ሁለቱ ካልገጠሙ ሜሞሪው ዋሽቷል።

ትዕግሥት ይፈልጋል። በሴኮንድ 10 ሜጋ የሚጽፍ ሜሞሪ 64 ጂቢ ለመሙላት ብቻ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ማንበቡ ገና ሳይጀመር። የመጀመሪያው ቀን መሐል ላይ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ስለሆነ ሁሉም ከዜሮ ተጀመረ። በማግስቱ ስመለስ የልጁ እናት ቡና እያቀረቡ "ዛሬም ያችን ጥፍር የምታህል ነገር ይዘህ መጣህ?" አሉኝ። "እትዬ፣ ዛሬ ያልቃል" አልኳቸው። አለቀ። ከ64ቱ እውነተኛው 8 ጂቢ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያሉት ፎርጅድ ሜሞሪዎች ውስጥ ያለችው ኮንትሮለር፣ ማለትም ሜሞሪውን የምትቆጣጠረው ትንሽ ቺፕ፣ "64 ነኝ" እንድትል ተደርጋ የተሰናዳች ናት። ስልኩም ያምናታል። 8ቱ ሲሞላ ማንም አይነግራችሁም። ስልኩ መጻፉን ይቀጥላል፤ የጻፈው ግን ወይ የትም አይደርስም ወይ የቀድሞውን ይደመስሳል። የትዝታ ልምምዴ በሙሉ እዚያው ቀረ። ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር፤ ያንን ቀን ብተወው ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ደህናው 64 ጂቢም ቢሆን ዊንዶውስ ላይ 59.6 ገደማ ነው የሚያሳየው። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ በ1,000 እያባዛ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ከሻጭ ጋር እንዳትጣሉ።

ሁለተኛው ወር

ሁለተኛውን ከመገናኛ በደረሰኝ ገዛሁ። ፈትሼ ካልሆነ እንደምመልስ አስቀድሜ ተነጋገርኩ። ፈተናውን አለፈ።

በዚህኛው የመረጥኩት መጠኑን ብቻ አይደለም። ሜሞሪው ላይ ክብ ውስጥ 10 ቁጥር ካለ፣ በሴኮንድ ቢያንስ 10 ሜጋ በተከታታይ መጻፍ ይችላል ማለት ነው። ለቪዲዮ መቅረጫ ይበቃል። አፕ ግን ሌላ ነገር ነው። አፕ አንድ ትልቅ ፋይል ቁጭ ብሎ አይጽፍም፤ ከዚህም ከዚያም ትንንሽ ነገር ይቆነጥራል። ለዚያ የሚታየው ኤ1 ወይም ኤ2 የሚለው ምልክት ነው። ኤ1 በሴኮንድ ቢያንስ 1,500 ጊዜ ማንበብና 500 ጊዜ መጻፍ ይችላል። ኤ2 ደግሞ 4,000 እና 2,000። ነገር ግን ኤ2 እዚያ ፍጥነት ላይ የሚደርሰው ስልኩም አብሮት መሥራት ሲችል ነው። ለእኔ አሮጌ ስልክ ኤ1 በቂዬ ነው ብዬ ኪሴን አዳንኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድሮይድ ከ6.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 (በፈረንጆቹ) ወዲህ፣ ለሜሞሪ ሁለት ዓይነት አያያዝ አለው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ሜሞሪው እንግዳ ነው፣ ዘፈንና ፎቶ ይይዛል፣ ስታወጡት ሌላ ስልክ ላይ ይነበባል። ሁለተኛው ሜሞሪውን የስልኩ የውስጥ ማከማቻ ማድረግ ነው። እኔ መዳር እለዋለሁ። ስልኩ ሜሞሪውን በራሱ ዓይነት ፎርማት ያደርገዋል፣ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጻፈውን በሙሉ ይቆልፈዋል። ቁልፉ የሚቀመጠው ሜሞሪው ላይ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ ነው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ምርጫው ሁሉም ስልክ ላይ የለም። ከስልኮቻቸው ያወጡት አምራቾች አሉ። የእኔ አንድሮይድ 9 ላይ ግን አለ። ሴቲንግ፣ ስቶሬጅ፣ ከዚያ የሜሞሪውን ስም፣ ከዚያ ሦስቱን ነጥቦች ነክቼ "ፎርማት አዝ ኢንተርናል" የሚለው ላይ ደረስኩ። ስልኩ ፎርማት ሲያደርግ ፍጥነቱንም ይለካል፤ ሜሞሪው ደካማ ከሆነ ዘገምተኛ ነው ብሎ ያስጠነቅቃችኋል። የእኔ ዝም ብሎ አለፈ። ከዚያ "ያለህን ዳታ ላዛውረው?" ሲለኝ እሺ አልኩ። ባትሪው ሙሉ መሆኑን አይቼ ነው የጀመርኩት፤ መብራትን ማን ያምናል።

ሁሉም ግን አልተዛወረም። አንድ አፕ ሜሞሪ ላይ መቀመጥ የሚችለው ሠሪዎቹ ሲሠሩት ከፈቀዱ ብቻ ነው። የባንኬ አፕ እምቢ አለ። ከስልኩ ጋር የመጡትም ንቅንቅ አላሉም። ጨዋታዎቹና መዝገበ ቃላቱ ሄዱ። ፎቶ፣ ቪዲዮና የወረደ ፋይልም ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀጥታ ሜሞሪው ላይ ሆነ። 9 እና 64 ተደምሮ አንድ ትልቅ ጓዳ ይሆናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ቪዲዮው አንዱ ጓዳ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሌላው ባዶ ቢሆንም አይጋሩም። ፍጥነቱስ? ሜሞሪው ላይ ያሉት አፖች ሲከፈቱ ትንሽ ያዝ ያደርጋቸዋል። ከተከፈቱ በኋላ እምብዛም አይታወቀኝም።

ሦስተኛው ወር

ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ መጣ። "ዘፈን ልጫንልህ፣ ሜሞሪህን ስጠኝ" አለ። እኔም ረስቼው ስልኩን ሳላጠፋ ሜሞሪውን ነቅዬ ሰጠሁት። ላፕቶፑ ላይ ሲሰካው "ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት" የሚል ጽሑፍ መጣ። ጣቱ "እሺ" ላይ ሊያርፍ ሲል እጁን ያዝኩት። ሜሞሪው ባዶ አልነበረም። ቁልፉ እኔ ስልክ ውስጥ ስለሆነ ላፕቶፑ ማንበብ አልቻለም፤ ያልገባውን ነገር ደግሞ ዊንዶውስ ፎርማት ላድርገው ነው የሚለው።

ስልኬ ላይ ደግሞ ያዛወርኳቸው አፖች በሙሉ አይከፈቱም። ቪዲዮዎቼ የሉም። ሜሞሪው እንዲመለስ የሚጠይቅ ማሳወቂያ ከላይ ተንጠልጥሏል። እዚያው ሴቲንግ ውስጥ "ፎርጌት" የሚል ምርጫ አለ። ወንድሜ "ንካትና ሪፍሬሽ ይሆናል" አለኝ። እንኳን አልሰማሁት! እሷ ከተነካች ስልኩ ቁልፉን ይጥለዋል፣ ሜሞሪው ላይ ያለውም ለዘላለም አይከፈትም። ስልኩን አጠፋሁ፣ ሜሞሪውን መለስኩ፣ አበራሁ። ሁሉም ቦታው ተመለሰ። ላቤ ግን ለመድረቅ ጊዜ ወሰደ።

በዚያው ልክ ስልኩ ቢሰረቅ፣ ቢሰበር ወይም ፋብሪካ ሪሴት ቢደረግ ሜሞሪው ብቻውን ምንም አያድናችሁም። እንግዳ ሆኖ የተቀመጠ ሜሞሪ ግን ስልኩ ቢሞትም እሱ ይተርፋል። ስለዚህ ፎቶና ዘፈን ብቻ ለምታስቀምጡ ሰዎች መዳሩን አልመክርም። የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ቪዲዮው ሜሞሪ ላይ ይቀመጥ ማለት ይበቃችኋል። ያኔ የገዛችሁት 32 ጂቢና ከዚያ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፋት32 በሚባል የፋይል አደራደር ነው ፎርማት የሚደረገው፤ ከ4 ጂቢ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም ፊልም እምቢ ቢላችሁ ሜሞሪው ተበላሸ አትበሉ።

እኔ እስካሁን አላፋታኋቸውም። አፕ የሚያስገባ ቦታ አግኝቻለሁና። ግን እሑድ እሑድ ስልኩን በኬብል የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ የሳምንቱን ልምምድ እገለብጣለሁ። እትዬም ለምደውኛል፤ ስኒ ጨምረው ይጠብቁኛል።

ባለፈው እሑድ ቪዲዮዎቹ ሲገለበጡ የካሜራውን ሴቲንግ ስነካካ ጥራቱ 1080 ላይ እንደሆነ አየሁ። ወደ 720 ዝቅ አደረግኩትና ማታ ባቲን ቀረጽኩ። የፋይሉ መጠን ከግማሽ በታች ወረደ። ጣቴ አሁንም ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚስትበትም ቦታ ያው ነው፣ አራተኛው ክር ላይ።