ቆሮሶ በደጋ ኩሬ፦ ስለ ክረምቱ ውኃ ማንም ያልነገረኝ

ይህን የምጽፈው ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ በኩሬ ለማርባት ለሚያስቡ የደጋ ገበሬዎች ነው፤ እኔ ስጀምር የሚያስጠነቅቀኝ ሰው አላገኘሁም። ኩሬዬ ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። ቁፋሮው፣ ኖራ መበተኑና በካሬ ሜትር ሁለት የዓሣ ጫጩት መጨመሩ በዓሣ እርባታ መመሪያው መሠረት ያለ ችግር ተጠናቀቀ።

መመሪያው ግን ለቆላ የተጻፈ ነው። ቆሮሶ ፈጥኖ የሚያድገው ውኃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሲሆን፣ ከ20 በታች የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ ወደ 16 ሲወርድ ደግሞ ጨርሶ መብላት ያቆማል ማለት ይቻላል። ስለዚህ በክብደት እየተሰላ ጠዋትና ማታ ይሰጥ የተባለውን መኖ ትቼ፣ ቀትር ላይ ውኃው ሲሞቅ ወዲያው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ እሰጣለሁ። የተረፈ ፉርሽካና ፋጉሎ ከሥር ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ይጨርሳል።

ከባዱ ጉዳት የመጣው በፍግ በኩል ነው። ያማከረኝ ባለሙያ ክረምት ከበጋ ሳይለይ በየሳምንቱ የዶሮ ኩስ እንድጨምር ነገረኝ፤ ውኃው አረንጓዴነቱ በጨመረ ቁጥር የተሻለ ነው አለኝ። ኩስ የሚያበቅለው ዋቅላሚ፣ ማለትም ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ዕፅ፣ በእርግጥ ለቆሮሶ ምግብ ነው፤ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅንም ያመነጫል። ሌሊት ግን ዋቅላሚው ራሱ ስለሚተነፍስ ዓሣውን ይሻማል፤ በመሆኑም ኦክሲጅን እጅግ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። የሐምሌ ደመና ለቀናት ፀሐይን ሲጋርድ ቀን የሚገባው ይቀንሳል፣ ሌሊት የሚወጣው ግን ያው ነው። በዚያ ላይ በ2,000 ሜትር ከፍታ ያለ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን፣ እኩል ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ወለል ላይ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱንም የሚያነሣልኝ አልነበረም።

በዚያ ሐምሌ አንድ ሌሊት፣ ወደ 11 ሰዓት ገደማ ኩሬው ዳር ስደርስ፣ ዓሦቹ ከውኃው በላይ አፋቸውን አውጥተው ይከፍቱና ይዘጉ ነበር፤ ባትሪ ሳበራባቸው እንኳ አልሸሹም። የወንዙን ቦይ ለቀቅሁባቸው፤ ጎረቤቶቼም ደርሰው በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ እያፈሰሱ ውኃውን አናወጡት። ፀሐይ ስትወጣ የተረፉት ወደ ታች ተመለሱ። የሞቱት በአብዛኛው ለገበያ የደረሱት ትልልቆቹ ነበሩ።

ባለሙያው ከቀናት በኋላ መጥቶ፣ ውኃውን እንኳ ሳይነካ «በሽታ ነው» ብሎ ጽፎ ሄደ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ይገድላል፤ የኦክሲጅን እጥረት ግን በአንድ ሌሊት፣ ያውም ከትልልቆቹ ጀምሮ ይፈጃል፣ የተረፉት ደግሞ ረፋድ ላይ ደህና ሆነው ይዋኛሉ። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ገበሬን ሊያማክር አይገባም።

አሁን ፍግ የምጨምረው የቀን መቁጠሪያ አይቼ አይደለም። ክንዴን ወደ ውኃው ቀጥ አድርጌ እሰዳለሁ፤ ውኃው ክርኔ ሳይደርስ መዳፌ ከዓይኔ ከጠፋ ምንም አልጨምርም። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ደግሞ ውኃው ምንም ያህል ቢጠራ ፍግ የሚባል አላስገባም። ኩሬ የሚቆፍር ሰው የወንዝ ውኃ በራሱ ቁልቁለት የሚገባበትን ቦታ ይምረጥ፤ ያ ከሌለ በደጋ ባይጀምር እመርጣለሁ።

ዓሣው 250 ግራም እስኪደርስ ጠብቅ የሚለውንም ምክር አልቀበልም። በሁዳዴ ገበያው ሲደራ ትልልቆቹን፣ 200 ግራም ያልሞሉትንም ጨምሬ፣ አውጥቼ እሸጣለሁ፤ ለክረምቱ የማስቀረው ትንንሾቹን ብቻ፣ እነሱንም ቁጥራቸውን ቀንሼ ነው።